እናትህ እስክትመጣ

ሐኪሙ ጨው ከከለከለኝ ወዲህ ደህና ምሳ የምበላው ተደብቄ ነው። ችግሩ መደበቅ አልችልበትም። ማታ ባለቤቴ «ምን በላህ?» ስትለኝ አፌ «ጎመን» ይላል፣ ፊቴ «አሳ» ይላል፣ እሷ የምታምነው ደግሞ ፊቴን ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን ጥሩ ሰበብ አገኘሁ። ቢሮአችን አንዲት አዲስ ምሩቅ ተመድባ መጣችና «ጋሼ፣ እዚህ አገር ምሳ የት ነው የሚበላው?» አለችኝ። እንግዳ መቀበል የሥራ ግዴታ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ራሴን ለማሳመን ብዙ ጊዜ አይፈጅብኝም። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ በሚኒባስ ቁልቁል ወርደን ታችኛው ሰፈር ሲቀላ አንድ አሳ ቤት ገባን።

አሳው ተጠብሶ መጣ፤ አጠገቡ በትንሽ ሳህን ዳጣ። ዳጣ አረንጓዴ ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ድንጋይ ላይ ተፈጭቶ የሚሠራ ማባያችን ነው፤ ሽታው ገና ከበሩ አፍንጫ ይይዛል። አንድ ቁራሽ አሳ አጠቀስኩና ጎረስኩ። ጨው ሆነብኝ። የሠራችው ሴትዮ ጨምራ፣ ረስታ፣ እንደገና ጨምራ፣ እንደገና የረሳች ይመስላል። ዓይኔ ሞላ።

«ጋሼ፣ አቃጠለዎት እንዴ?» አለች ልጅቷ።

«አዎ፣ ቃሪያው ነው» አልኳት።

ቃሪያው አልነበረም። እናቴ ናት።

አራተኛ ክፍል የገባሁበት ዓመት ነው፤ ከክረምቱ አጋማሽ እስከ መስቀል ሰሞን ድረስ ያለው። ቅደም ተከተሉን አትጠይቁኝ። እህቴ ታደለች እኔ ከማስታውሰው ግማሹን «ውሸትህን ነው» ትላለች፤ እሷ የምታስታውሰውን ደግሞ እኔ አላምናትም። ሦስተኛዋ ምስክር እናታችን ነበረች፤ እሷ ዓመቱ ሳያልቅ ዓመቱን ረስታዋለች።

ቤታችን ሲቀላ፣ ከገበያው ጀርባ ነበር፤ ሁለት ክፍልና ጓሮው ላይ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ። አባቴ የሞተው እኔ ስድህ ነው። ታደለች በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ የመጣሁት ሁሉም «በቃ፣ ሌላ አትወልድም» ካለ በኋላ ነው፤ ጎረቤቶቻችን የእናቴን እርግዝና የሆድ ሕመም ነው ብለው ፌጦ በጥብጠው አጠጥተዋታል ይባላል። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ደስ ብሎት አይጠብቀኝም፣ ለምጄዋለሁ።

እናቴ አማረች ትባላለች፤ እኔ «እማ» ነው የምላት። ለአሳ ቤቶቹ ዳጣ የምትፈጨው እሷ ነበረች። እጇ እስከ አንጓዋ አረንጓዴ ነበር፤ በሳሙናም በአመድም አይለቅም። ጣቶቿ ስለሚያቃጥሉ ፊቴን በእጇ አትነካም። አፍንጫዬን የምትጠርገው፣ እንባዬን የምታብሰው በክርኗ ነው። ጎንበስ ትልና ክርኗን አጥፋ ጉንጬ ላይ ታሽከረክረዋለች። የሰው ሁሉ እናት እንደዚህ የምታብስ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የጓደኛዬ እናት በመዳፏ ስትጠርገው አይቼ «ምን ነካቸው፣ ሊያቃጥሉት ነው» ብዬ ደንግጫለሁ።

ደግሞ ቀልደኛ ነበረች። ፊቷ ሳይንቀሳቀስ ነው የምትቀልደው። «ማቴ፣ እግርህን ቤት ረስተህ ወጣህ» ትለኝና ጎንበስ ብዬ እግሬን እስካይ ትጠብቃለች። ስለዚህ ያን ክረምት መርሳት ስትጀምር እኔ ቀልድ ነው ያልኩት።

የተጀመረው በጨው ነው። ድንጋዩ ፊት ተንበርክካ እየፈጨች «ማቴ፣ ጨው ጨምሬያለሁ?» ትለኛለች። ስትጨምር አይቻታለሁ። «ጨምረሻል» እላለሁ። ትንሽ ቆይታ «ጨው ጨምሬያለሁ?» ጎበዝ ነሽ እማ እላለሁ በልቤ፣ ፊቷ እንኳን አይስቅም። አንድ ቀን እኔም ልጫወት ብዬ «አልጨመርሽም» አልኳት። ጨመረች። እንደገና ጠየቀችኝ፤ «ምንም አልጨመርሽም» አልኳት። አራት ጊዜ አስጨመርኳት። ማንጎው ሥር ወድቄ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እሷም እኔን አይታ ሳቀች፤ በምን እንደሳቀች ግን አላወቀችም። አሁን ሳስበው ነው ይሄን የማውቀው። ያኔ እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ዳጣው በማግስቱ ከአሳ ቤቱ ከነእንስራው ተመለሰ። የአሳ ቤቱ ባለቤት ሴትዮ በሩ ላይ ቆማ «አማረች፣ ምነው፣ ሰዎቼን ልትገድይብኝ ነው?» አለቻት። እማ ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ከዚያ እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። የሌላ ሰው እጅ በስህተት የተሰጣት ይመስል ነበር አስተያየቷ።

ጎረቤታችን ባለሱቁ ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ከስልጤ የመጡ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ሲቀላ የኖሩ ሰው ናቸው። እማ በቀን ሦስት ጊዜ ጨው ግዛ ብላ ትልከኝ ነበር። ሦስተኛው ላይ ጋሽ ሸምሱ ከባንኮኒው በላይ ጎንበስ አሉና አዩኝ።

«ማቴ፣ እናትህ ሐይቅ ልትሠራ ነው እንዴ? አባያ አለልን እኮ።»

እኔ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ጨውን ሳይሰጡኝ በእጄ ሁለት ደስታ ከረሜላ አስይዘው «ጨው አልቋል በላት» አሉኝ። ከኋላቸው ጨው በጆንያ ተደርድሮ ይታየኛል። ትልቅ ሰው እንዲህ ፊት ለፊት ሲዋሽ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ግራ ገባኝ።

ታደለች ነገሩ ቶሎ ገብቷታል። ማድ ቤት ጎትታ አስገባችኝና «ከዛሬ ጀምሮ አንተ የቤቱ ምላስ ነህ» አለችኝ። ሥራዬ ይሄ ነበር፤ ከትምህርት ቤት በፊት ዳጣውን መቅመስ፣ ጨው ከገባ በኋላ ደግሞ የጨውን ቆርቆሮ ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ይዤ መሄድ። እማ እንዳታገኘው። ስለዚህ ያን መስከረም በጠዋት ዳጣ በባዶ ሆዴ እየቀመስኩ፣ ከንፈሬ አብጦ፣ ጀርባዬ ላይ ጨው ተሸክሜ ነበር የምማረው። ደብተሮቼ ሁሉ ረጥበው ተጣበቁ። ዛሬ ሐኪሙ «የደም ግፊትህ ከየት መጣ?» ሲለኝ ከአራተኛ ክፍል ብዬ ልመልስለት ይዳዳኛል።

«ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ ታደለች። «አጎቴ ዳልኬ ከሰማ ወደ ገረሴ ይወስዳታል። አንተ ትምህርት ስላለህ እዚህ ከኔ ጋር ትቀራለህ።»

አጎቴ ዳልኬ የእማ ታላቅ ወንድም ነው። ገረሴ ደጋ ነው፣ ብርድ ነው፣ በዚያ ላይ በአውቶቡስ ሽቅብ የሚወጣ አገር ነው፤ ለእኔ ከሰማይ ትንሽ ዝቅ ያለ ቦታ ማለት ነበር። እማ እዚያ ከሄደች እንደማትመለስ ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። አፌ አብጦ ስለነበር አልከበደኝም።

ግን ነገሩ ጨው ላይ አልቆመም። ቀጥሎ የጠፋው አማርኛ ነው። ቤት ውስጥ የምናወራው ጋሞኛ ነው፤ አማርኛ ለገበያ ነው። እማ አማርኛዋን ከየት ጀምሮ እንደጣለችው አላውቅም፤ አንድ ቀን ጋሽ ሸምሱ «እንዴት አደርሽ አማረች?» ሲሏት ዝም ብላ አየቻቸው። እሳቸው የሚያውቁት የገበያ ጋሞኛ ነበር፤ ዋጋ መጠየቅና ስለ ዝናብ ማውራት ብቻ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በርጩማ ይዘው ይመጡና በጋሞኛ «ቅቤ እንዴት ነው?» ይሏታል። «ጥሩ ነው» ትላለች። «ዝናብስ?» «ይዘንባል።» «ቅቤስ?» እንደዚህ አንድ ሰዓት ያወራሉ። ሁለቱም በጨዋታው ይረኩ ነበር። እኔ ደግሞ ቅቤ ሳይኖረን ለምን ስለ ቅቤ ያወራሉ ብዬ እገረማለሁ።

አሁን የምነግራችሁን ታደለች «ዝናብ አልነበረም» ትላለች። እኔ ዝናብ ነበር ነው የምለው፤ ምክንያቱም እማ በሩ ላይ ስትቆም ውሃ ከቀሚሷ ጫፍ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ።

ትምህርት የተከፈተ ሰሞን ነው። መምህራችን ከሰሜን የመጡ ነበሩ፣ ጋሞኛ አይሰሙም። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። በሩ ተከፈተ። እማ ናት። ቀሚሷን ገልብጣ ለብሳዋለች፤ ልጅ የሚታዘልበትን ማዘያ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። በጋሞኛ፣ በጣም በትህትና፣ «ልጄን ስጡኝ። የሚጠባበት ሰዓት ደርሷል» አለች።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አሉ መምህሩ።

አንዱ ከኋላ «ቲቸር፣ የሚጠባ ልጅ እዚህ አለኝ እያሉ ነው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ሴትዮዋን የሚያውቃቸው አለ?»

አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ በክርኑ ጎሸመኝ። «ማቴ፣ ያንተ እናት አይደለችም እንዴ?» ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መምህሩም።

«አላውቃትም» አልኩ።

በአማርኛ ነው ያልኩት። በአማርኛ ሲሆን ውሸቱ የሚቀል መስሎኝ ነበር።

እማ ተማሪውን ሁሉ በዓይኗ አዳረሰች። እኔ ላይ ስትደርስ አልቆመችም፤ ከእኔ ወደ ጎረቤቴ፣ ከጎረቤቴ ወደ መስኮቱ አለፈች። ከዚያ «ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» ብላ ወጣች። ዘበኛው ከኋላዋ በሩን ዘጋ። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ቦርሳዬ ውስጥ የጨው ቆርቆሮው ነበር፤ በእግሬ ወንበሩ ሥር ገፋሁት።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት አልነበረችም። ታደለች በገበያው በኩል ሮጠች፣ ጋሽ ሸምሱ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ አባያ በሚወስደው የእግር መንገድ ሄዱ። ጋሽ ሸምሱ ሱቅ የሚዘጉት ለዓርብ ጸሎትና ለለቅሶ ብቻ ስለነበር የሞተች መሰለኝ።

አመሻሹ ላይ ይዘዋት መጡ። ከሐይቁ ወዲህ ያለ የሙዝ ማሳ ውስጥ ነው ያገኟት። በማዘያው አንድ የሙዝ ዘለላ አዝላለች፤ ወዲያና ወዲህ እያለች እሹሩሩ ትላለች። ጋሽ ሸምሱ «ቀስ በሉ፣ ገና መተኛቱ ነው» አሉን። ይሄን ያሉት እሷን ላለማስከፋት ይሁን ለሙዙ አዝነው እስከ ዛሬ አላውቅም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሙዙ ቀናሁ። እኔ እዚያ ቆሜ ሙዝ ይታዘላል።

እማ ሙዙን አልጋ ላይ አስተኝታ ዞረችና አየችኝ። ደህና አድርጋ፣ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግሬ። ታደለችን በጋሞኛ «ይሄ ልጅ የማን ነው?» አለቻት።

እንደዚያ ቀን ግራ ገብቶኝ አያውቅም። ቀልድ እንዳልሆነ ግን ገባኝ።

ወሬው ገበያውን አዳረሰ፤ ከገበያው አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ገረሴ ገባ። ለመስቀል አጎቴ ዳልኬ ወረደ፤ ከእሱ ጋር ሁለት ሽማግሌዎች። አጎቴ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲቀመጥ እንኳን የቆመ የሚመስል ሰው ነው። እማን ሲያያት ጋቢውን አውልቆ አለበሳት፤ የሲቀላ ሙቀት ሰው በሚያቀልጥበት ሰዓት። ከዚያ ታደለችን «ለምን አልላካችሁብኝም?» አላት። ታደለች መሬት መሬት አየች።

«ጎሜ ነው» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

በእኛ አገር ሰው የማይደረግ ነገር አድርጎ ሲደብቀው ጎሜ ይባላል። የተደበቀው ነገር ተቀምጦ አይቀርም፣ በሽታ ሆኖ በራሱ ወይም በቤተሰቡ ላይ ይወጣል ነው የሚባለው። መድኃኒቱ በሽማግሌ ፊት ቆሞ መናገር ነው። አጎቴ ይሄን ሲያስረዳ እኔ በር ሥር ቆሜ ነበር። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። አላውቃትም አልኩ፣ በዚያው ቀን አላወቀችኝም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የእናቴን ጭንቅላት ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

«መጀመሪያ እንሰማለን» አለ አጎቴ። «ከዚያ በማግስቱ ጠዋት ይዣት እወጣለሁ። እዚህ አውቶቡስ ይገጫታል፣ ሐይቅ ይወስዳታል። እኔ ጋ ቢያንስ አጥር አለ።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ይሄ ነው የከበደኝ፤ ክፉ ቢሆን እጠላው ነበር።

በመስቀል ማግስት ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘዋል፤ በእኛ ዘንድ ሣር ይዞ የመጣ ሰው ለእርቅ ነው የመጣው። እማን መሃል በርጩማ ላይ አስቀመጧት። ጋሽ ሸምሱም ጎረቤት ናቸውና ከዳር ተቀመጡ።

አጎቴ ዳልኬ ራሱ ጀመረ። «የእህቴ ባል ሲሞት መንገዱ ጭቃ ነው ብዬ አንድ ቀን ዘግይቼ ደረስኩ» አለ። «ጭቃ አልነበረም። ማሳዬን ላለመተው ነው።» ታደለች ቀጠለች፤ ከአንድ ሾፌር ጋር ደብዳቤ እንደምትጻጻፍ ተናገረች። ሽማግሌው «ያገባሻል?» አላት። «አላውቅም።» «እሱ ጎሜ አይደለም፣ ሞኝነት ነው» አላት። ጋሽ ሸምሱ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

ከዚያ እኔ ተነሳሁ። ማንም አልጠራኝም ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ትምህርት ቤት መጥታ አላውቃትም ብያለሁ። ሁሉም ሰው ፊት።»

አጎቴ ወደ መሬት አየ። ታላቁ ሽማግሌ ሣሩን ወደ እኔ ዘርግቶ «ሰምተናል። ከአንተ ላይ ወርዷል» አለኝ።

ዞሬ እማን አየኋት። አሁን ታውቀኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ሬዲዮ ተከፍቶ ድምፅ እስኪመጣ እንደሚጠበቀው። እማ ቅጠሎቹን እያየች ነበር።

አልሠራም። ሳልናገር የቀረሁት አለ ማለት ነው። «ጨው አልጨመርሽም ብዬ አራት ጊዜ አስጨምሬያታለሁ» አልኩ። ዞሬ አየኋት። ምንም። «የጨውን ቆርቆሮ ደብቄባታለሁ። የጋሽ ሸምሱን ከረሜላ አንድ ቀን ሳይሰጡኝ ወስጃለሁ።»

«እሱን አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«የጎረቤት ማንጎ ሰርቄያለሁ። ሙዙን ጠልቼዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ተኝቻለሁ።» ዞሬ አየኋት። ምንም። ያደረግኩት ሲያልቅብኝ ያላደረግኩትን ጀመርኩ። «የሰው ፍየል ገድያለሁ» አልኩ።

«የማንን ፍየል?» አለ ሽማግሌው ደንግጦ።

«አላውቅም» ብዬ አለቀስኩ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ ታደለች እያለቀሰች ሳቀች፤ እኔ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ንፍጤ እየወረደ፣ አገር እስኪሰማ አለቀስኩ።

እማ ከበርጩማዋ ተነሳች።

«ምን አድርጋችሁት ነው?» አለች። ያን ሰሞን ከሰማሁት ድምፅዋ ሁሉ የጠነከረው ነበር። «የማን ልጅ ነው ይሄ? ሽማግሌ ተብላችሁ ሕፃን ከባችሁ ታስለቅሳላችሁ? ና አንተ።» ክንዴን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችኝና በርጩማዋ ላይ አስቀመጠችኝ። ጎንበስ አለች። ክርኗን አጠፈች። ጉንጬ ላይ አሽከረከረችው፤ ግራውን፣ ቀኙን፣ በመጨረሻ አፍንጫዬን።

ከጠፋችበት ቀን ወዲህ ለሳምንት ያህል ዳጣ አልነካችም ነበር። እጇ ንጹህ ነበር።

«አይዞህ» አለችኝ። «እናትህ እስክትመጣ እዚህ ከኔ ጋር ትቀመጣለህ።»

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ሄድን። የእማ ልብስ በጨርቅ ተቋጥሯል፤ አጎቴ ቋጠሮውን አውቶቡሱ ላይ ጭኗል። ታደለች አቅፋት ለቀቀቻት። እማ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አደረገች። አንድ እጇ ግን የእኔን ክንድ እንደያዘ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ አልለቀቀችኝም፣ ሽንት ቤት እንኳን በር ላይ ቆማ ነው የጠበቀችኝ።

«አማረች፣ ልጁን ልቀቂው» አለ አጎቴ።

«ለማን?»

«እህቱ አለች።»

«እህቱን አላውቃትም። እናቱ ገና አልመጣችም።» እግሯን ከደረጃው አወረደች። «የሰው ልጅ መናኸሪያ ጥዬ የት ልሂድ? መጥታ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ?»

ረዳቱ «ወይ ግቡ ወይ ውረዱ!» ብሎ ጮኸ። አጎቴ ዳልኬ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ፣ በተለየ የዋህ ድምፅ፣ «አማረች፣ ይሄ እኮ ልጅሽ ነው» አላት።

እማ አየችኝ።

«ልጄ ከሆነ ለምን ጥዬው እሄዳለሁ?» አለችው። «የሰው ከሆነም አደራ ነው።»

አጎቴ ቀና አለ። የሚመልሰው ሲፈልግ አየሁት፤ ረጅም ሰው ስለነበር ፍለጋው ረጅም ጊዜ ወሰደ። አላገኘም። እኔም እስከ ዛሬ ፈልጌለት አላገኘሁም። አውቶቡሱ ላይ ወጥቶ ቋጠሮውን አወረደና ለታደለች ሰጣት። ጋቢውን ግን አልተቀበላትም፣ እማ ላይ ተወው። «በየወሩ እመጣለሁ» አለ። ሲሄድ በመስኮቱ እያየን ነበር፤ ይስቅ ይሁን ያልቅስ መስታወቱ አቧራ ስለነበር አልለየሁትም። ታደለች አለቀሰ ትላለች። ይሁንላት።

እንግዲህ እማ፣ እናቴ እስክትመጣ ብላ፣ እስክትሞት ድረስ ስድስት ዓመት ጠበቀችኝ። አንዳንድ ቀን ስሜን ታውቀው ነበር፣ ብዙውን ቀን አታውቀውም፤ አደራውን ግን አንድም ቀን አልረሳችም። ዛሬ መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ቤቱን ሙሉ ስፈልግ ባለቤቴ «ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» እያለች ትፈትነኛለች። ቀኑን እሳሳታለሁ። ብዙም አልፈራም። ስሜን ብረሳ እንኳን የሆነ ሰው ክንድ ይዤ የምቀመጥ ይመስለኛል፤ ባለቤቴ እስከዚያ ከታገሰችኝ።

ከመናኸሪያ የተመለስን ቀን ግን እንዲህ ነበር። እማ ቤት እንደገባች ጋቢውን አጣጥፋ አስቀመጠችና ድንጋዩ ፊት ተንበረከከች። ቃሪያ ፈጨች፣ ዝንጅብል ፈጨች። ሽታው ጓሮውን ሞላው። እኔ ማንጎው ሥር ቁጭ ብያለሁ። ቀና አለች።

«አንተ ልጅ፣ ጨው ጨምሬያለሁ?»

«ጨምረሻል» አልኳት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይቻለሁ።»

አመነችኝ። ፈጭታ ስትጨርስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ አረንጓዴ እጆቿን ከፊቴ አርቃ። ፀሐይዋ ወደ ሴቻ ኮረብታ ዘንበል ብላ ነበር። እማ ወደ በሩ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«እናትህ ቆየች» አለች። «አትቀየማት። መንገድ ጠፍቶባት ይሆናል።»

«እሺ።»

«ብትመጣ በመልክ ታውቃታለህ?»

«አውቃታለሁ» አልኳት።